መነጽር ያደረጉት አንበሶች

ጋሽ ሱሌይማን ከፍታ አይፈሩም። የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ቆርቆሮው ጋ ደርሰው፣ በአንድ እጃቸው ቀለም በሌላው ብሩሽ ይዘው፣ ማስመሪያውን በጥርሳቸው ነክሰው ሲጽፉ፣ ራሱ የሚዞርበት ከታች ቆሞ የሚያያቸው ሰው ነው። እባብም አይፈሩም። አንዴ ሱቃቸው ውስጥ ከቲነር ጀሪካኑ ጀርባ አንዱ ተጠቅልሎ ተገኘና እኛ አስፋልቱን ተሻግረን ስንሮጥ፣ እሳቸው በዛችው ማስመሪያ አንስተው ሜዳ ላይ ለቀቁት። "ሙቀቱ ነው ያስገባው፣ ምን ያርግ" አሉ።

ጋሽ ሱሌይማን የሚፈሩት ጥያቄ ነው።

ማንኛውንም ጥያቄ። "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብትላቸው እንኳን መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ከዛ ነው ሰዓታቸውን የሚያዩት። ሲደነግጡ ደግሞ ግራ ዓይናቸው ትጠቅሳለች። እሳቸው አይደሉም የሚጠቅሱት፣ እሷ ናት፣ በራሷ። ድሮ ቲነር ገብቶባት ነው ይላሉ። ይቺ ዓይን ስንት ጣጣ አምጥታባቸዋለች መሰላችሁ! አንዲት ሙሽራ "የሱቄ ጽሑፍ መቼ ይደርሳል?" ብላ ስትጠይቃቸው ጠቅሳት፣ ባልየው ዱላ ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ መሀል ገብቼ ያስረዳሁት።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ሸዋ ሮቢት፣ የባጃጅ ተራው ፊት ለፊት፣ የሳቸው የማስታወቂያ ጽሑፍ ሱቅና የኔ ጎሚስታ ግድግዳ ይጋራሉ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተፋተናል፤ ልጅ ስላልነበረን ፍቺው ቀላል ነበር። ከጎማ ሌላ የምችለው የሰው ድምፅ ማውጣት ነው። የተራ አስከባሪውን ጩኸት፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩን ሳል፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን ያቃጠለ አይሱዙ ሳይቀር። ጋሽ ሱሌይማን አንዳንዴ ይስቁልኛል። ግን የጥያቄ ድምፅ ካወጣሁ ይጠፋሉ።

ወረቀቱ የመጣው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ያመጣው የማዘጋጃ ቤት ሰው አስፈርሞ ሄደ። ጋሽ ሱሌይማን ቆመው አነበቡት፣ ከዛ ቁጭ ብለው አነበቡት፣ ከዛ ሰጡኝ።

"እስቲ አንተ አንብበው። እኔ ያነበብኩት ልክ አይመስለኝም።"

አነበብኩት። የማስታወቂያ ጽሑፍና የሥዕል ሥራ የሚሠራ ሁሉ የብቃት ፈተና ይፈተን ይላል። ያላለፈ ሰው ሱቁ ይታሸጋል ይላል። ፈተናው ሁለት ነው፤ አንደኛው በተግባር፣ ሌላኛው በቃል። የቃሉ "ስለ ታዋቂ ደራሲያንና ሰዓሊያን ጠቅላላ ዕውቀት" ነው። ለመዘጋጃ እንዲረዳ ተብሎ የስም ዝርዝር ከኋላ ተያይዟል።

"በቃል ማለት" አሉ ጋሽ ሱሌይማን፣ "ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠይቀኛል ማለት ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

ዓይናቸው ጠቀሰችኝ።

"እሺ ሰዓሊ ይሁን። ደራሲ ከኔ ጋር ምን አገናኘው?"

"ፊደል ይጽፉ የለ? ከነሱ ጋር ደምረውዎት ነው።"

አልሳቁም። ሱቋን ዞረው አዩዋት። ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩባት ናት። ሦስት ልጅ ያሳደጉት ከሷ ነው፣ ባለቤታቸው እትዬ ሩቂያ አስፋልቱ ዳር ከምትሸጠው ማንጎ ጋር። ከሷ ውጪ የሚያውቁት ሥራ የለም።

ከማዶ ይልማ አለ። ባነር የሚያትም ማሽን አምጥቶ የከፈተ ጎረምሳ ነው። ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርሶት ተሻግሮ መጣ።

"ጋሽ ሱሌ፣ ሰማሁ። አይጨነቁ። ቢታሸግም ቦታዋ ባዕድ እጅ አትገባም፣ እኔ ነኝ የምወስዳት። ማሽኔ ቤቱ ጠቦታል።" ከዛ ከሱቁ በር ላይ የተሳለውን አንበሳ አየና "ይሄን ምስኪን ደግሞ መነጽሩን አወልቅለታለሁ" አለ።

የመነጽሩን ነገር ልንገራችሁ። ሮቢት መጥቶ የማያውቅ ሰው ግራ ይገባዋል።

ጋሽ ሱሌይማን የተወለዱት ከከተማው ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ካለ የማሽላ አገር ነው። ልጅ ሆነው ቁርአን ቤት ገቡ። እንጨቷ ሎህ ላይ በቀለም ሲጽፉ እጃቸው የሚያምር ሆነ፣ ኡስታዙ ለሌሎቹ ልጆች ያሳይላቸው ጀመር። አንድ ቀን ሎሁን ገልብጠው ጀርባው ላይ በከሰል ፍየል ሣሉ። የቤታቸውን ፍየል፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረችውን። እናትየው አዩ። አልመቱም፣ አልጮሁም። ቁጭ አርገው እንዲህ አሏቸው፣ ጋሽ ሱሌይማን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤

"ይቺን አንተ ነህ የሠራሃት?"

"አዎ እማ።"

"ጎሽ። በል ነፍስ ዝራባት።"

ልጁ ፍየሏን አያት።

"እስቲ እፍ በልባት። ትነሳና ትሂድ።"

እፍ አሉባት። ከሰሉ ትንሽ በነነ እንጂ ፍየሏ አልተነሳችም።

"ነገ ስትሞት አኼራ ላይ እንዲህ ብለው ነው የሚጠይቁህ" አሉ እናትየው። "የሠራኸውን ሁሉ ነፍስ ዝራበት ይሉሃል። እፍ ብትል አይነሳም። እስኪነሳ ደግሞ አይለቁህም።"

የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥያቄ የሚባል ነገር ከዛን ቀን ጀምሮ ያባርራቸዋል። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተኑ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን ብቻ፣ በጣም በሚያምር ፊደል ጽፈው ወጡ።

ከተማ መጥተው የሱቅ ጽሑፍ ጀመሩ። ፊደል ነፍስ የለውም፣ ችግር አልነበረም። ባጃጅ ሲመጣ ግን ነገር ተበላሸ። ሹፌሩ ሁሉ አንበሳ ሣልልኝ አለ። እንቢ ቢሉ ሥራው ወደ ደብረ ሲና ሊሄድ ነው። ጋሽ ሱሌይማን ሲጨነቁ ከርመው አንድ መላ አገኙ። "ዓይን ከሌለው ሙሉ አይደለም፤ ሙሉ ካልሆነ ሠራሁት አይባልም" አሉ። ዓይን የሌለው አንበሳ ደግሞ ማን ይገዛል? ጥቁር መነጽር አደረጉለት።

ሹፌሮቹ ወደዱት። ፋሽን መሰላቸው። ከዛ በኋላ በዚች ከተማ ጋሽ ሱሌይማን የነኩት ነገር ሁሉ መነጽር አለው። አንበሳው፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ የሥጋ ቤቱ በሬ፣ እንቁላል መሸጫው ላይ ያለችው ዶሮ። ከላይ ከደጋው የሚመጣ መንገደኛ ዶሮዋን እያየ ሲስቅ፣ እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ለምን እንደሆነ የምናውቀው እትዬ ሩቂያና እኔ ብቻ ነን።

ወደ ፈተናው እንመለስ። ዝርዝሩን ይዘው ሊያጠኑ ሞከሩ። ደራሲ አስናቀ ወልደየስ፣ ደራሲት ዘውድነሽ አምባዬ፣ ደራሲ እንድሪስ ወሌ። ሰዓሊ ክፍለዮሐንስ ደጉ፣ ሰዓሊት ታደለች ጉርሙ፣ ሰዓሊ ማንደፍሮ ልሳኑ። በሦስት ቀን አንዱም አልገባላቸውም።

"እጄ ያልጻፈውን ጭንቅላቴ አያውቀውም" አሉኝ።

"ታዲያ ይጻፉታ።"

"ወረቀት ላይ አይያዝልኝም። በቀለም ነው።"

ተራው ላይ ያሉትን ባጃጆች ጠሩና የኋላ ሸራቸው ላይ በነጻ ጻፉላቸው። አንዱ ጀርባ ላይ "ደራሲ አስናቀ ወልደየስ"፣ አንዱ ላይ "ደራሲት ዘውድነሽ አምባዬ"፣ እንዲህ እያሉ። በቀይ ሞልተው፣ በቢጫ ከበው፣ ጥላ አርገውበት። አምስቱ ሹፌሮች ነጻ ስለሆነ እሺ አሉ። ስድስተኛው ደምሴ ነው፣ ማንደፍሮ ልሳኑ የደረሰው። አሻፈረኝ አለ።

"የማላውቀውን ሰው ስም ተሸክሜ አልዞርም" አለ። "ከጻፉ የራሴን ይጻፉልኝ። 'አይዞህ ዳገቱ አልቋል' ይበሉልኝ።"

ምን ያርጉ፣ ጻፉለት። ማንደፍሮ ልሳኑ ቦታ ሳያገኝ ቀረ።

ከተማው ለመልመድ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። "በምን መጣህ?" ስትለው "በአስናቀ ወልደየስ" ይልሃል። እትዬ ሩቂያ አንድ ቀን እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና መጣች።

"ወላሂ ዘውድነሽ አምባዬ ማንጎዬን ረግጣብኝ ሄደች! ዞር ብላም አላየችኝ!"

ጋሽ ሱሌይማን ያን ቀን ሳቁ። ጠዋት ጠዋት ባጃጆቹ ተራ ሲይዙ በር ላይ ቆመው በቅደም ተከተል ያነቧቸዋል። አስናቀ፣ ዘውድነሽ፣ እንድሪስ፣ ክፍለዮሐንስ፣ ታደለች። ከታደለች ኋላ ደምሴ ይቆማል። እሱ ጋ ሲደርሱ ራሳቸውን ያካሉ።

"አሁን ያዝኩት መሰለኝ። እስቲ ጠይቀኝ" አሉኝ አንድ ከሰዓት።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የድሮ ዲሬክተራችንን ድምፅ አወጣሁ። ያ ዲሬክተር ስምህን ሲጠራ ስምህን ራሱ ትረሳዋለህ። "ሱሌይማን! ተነስ! የመጀመሪያው ደራሲ ማን ነው?"

ተነሱ። እውነቴን ነው፣ ብድግ አሉ። የያዙት ቢጫ ቀለም ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ዓይናቸው ሦስቴ ጠቀሰች። አንድም ስም አልወጣም።

"በዛ ድምፅ አትጠይቀኝ" አሉ ጫማቸውን እየጠረጉ።

"በማን ልጠይቅዎ ታዲያ?"

"በራስህ።"

"የኔ አያስፈራም እኮ ጋሼ። ፈተናው የሚያስፈራ ነው የሚሆነው።"

"ቢሆንም በራስህ" አሉ።

የፈተናው ቀን ግንቦት ውስጥ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት መጮህ ጀምሯል። እትዬ ሩቂያ ሸሚዛቸውን ተኩሳ አልብሳ፣ ዱዓ አርጋ፣ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ ከጎኑ እንዳትለይ። ሲፈራ የሚረግጥበትን አያይም፣ እንዳይወድቅብኝ።"

"እሺ እትዬ።"

"ደግሞ አፍህን ያዝ!"

መንገድ ላይ ጋሽ ሱሌይማን አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት። "ሩቂያ የሱቁን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ምነው ባልከተተችው። ይከብዳል።"

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ይልማን ጨምሮ ስድስት ሰባት ሰው ተደርድሯል። በሩ ለሙቀቱ ሲባል ተከፍቷል፣ ከውስጥ ሁሉም ነገር ይታያል፣ ይሰማል። ፈታኟ ወይዘሮ ሐረገወይን ይባላሉ። ከደጋ ነው የመጡት፣ ከነሹራባቸው። ሮቢት ግንቦት ላይ ሹራብ! ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ግን አላወለቁም። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ ቆርጠው ነው የሚያስቀምጡት። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፃቸው ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ምን ላርግ፣ ልማድ ነው።

ይልማ ገብቶ ወጣ። "ውሃ ነው!" አለ።

"ሱሌይማን!" ተባለ።

ጋሽ ሱሌይማን ገቡ። ተቀመጡ። ወይዘሮ ሐረገወይን ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይሉ አነበቡ፤

"አንድ። ሦስት ታዋቂ ደራሲያን ጥቀስ።"

ከዛ ቀና አሉ። ልክ ቀና ሲሉ የጋሽ ሱሌይማን ግራ ዓይን ጠቀሰቻቸው።

ወይዘሮዋ ያዩትን ያመኑ አይመስልም።

"ምን አሉ?"

ደግማ ጠቀሰች። ረዘም አርጋ።

ከአግዳሚው ላይ ይልማ ፈነዳ። "ጥቀስ ሲሏቸው ጠቀሷቸው!" ወንበሩ ሙሉ ሰው ሳቀ። አንዱ እንደውም ተንከባለለ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፣ እኔን ራሴን ገረመኝ።

ወይዘሮ ሐረገወይን ፋይላቸውን ጧ አርገው ዘጉ። "ይውጡ።"

"እትዬ፣ እኔ…" ጠቀሰች።

"ይውጡ ብያለሁ! ባለትዳር ሴት ነኝ! ፈተናው አብቅቷል!"

ወጡ። እንዴት እንደወጡ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጋ ሄደው ግንባራቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ስጠጋ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "አስናቀ፣ ዘውድነሽ፣ እንድሪስ…" ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨብጠውታል። ትከሻቸውን ያዝኳቸው። ለእትዬ ሩቂያ ምን ልላት ነው? ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጥቅሻ አለቀ ልበላት?

ዞር ስል ወይዘሮዋ ሌላ ሰው ሊጠሩ በሩ ላይ ወጥተዋል፣ ወደኛ እያዩ ነው፣ ተቆጥተው። ያኔ ነው የመጣልኝ። ብታሰር እንኳን ልታሰር ብዬ ከጋሽ ሱሌይማን ጀርባ ሆኜ፣ በወይዘሮዋ በራሳቸው ቀጭን ድምፅ፣ ቃሉን እየቆረጥኩ አወጣሁት፤

"አንድ። ሦስት ታዋቂ ደራሲያን ጥቀስ።"

ጋሽ ሱሌይማን ዘለሉ። ዓይናቸው ዛፉን ጠቀሰችው።

"ሁለት። ሦስት ታዋቂ ሰዓሊያን ጥቀስ።"

ዘወር አሉ። የዘበኛው ፍየል ፊታቸው ቆማለች። እሷንም ጠቀሰቻት።

ወይዘሮ ሐረገወይን መጡ። የገዛ ድምፃቸውን ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ ያሁኑን ያህል ግን አስፈርቶኝ አያውቅም።

"ማነው በኔ ድምፅ የሚናገረው?"

"እኔ ነኝ እትዬ። ይቅርታ። ዓይናቸው ናት። ሲፈሩ ነው። ይኸው ዛፉንም ጠቀሰች፣ ፍየሏንም። ፍየሏ ባለትዳር ትሁን አትሁን አላውቅም።"

የመጨረሻዋን ባላልኳት ጥሩ ነበር። አፌ ነው። ወይዘሮዋ አዩኝ፣ ከዛ ጋሽ ሱሌይማንን አዩ። ዓይናቸው አሁንም እየጠቀሰች ነው፣ መሬቱን። ወይዘሮዋ የሹራባቸውን አንገት ሳብ አርገው ተነፈሱ።

"ይግቡ" አሏቸው። "አንተም ና፣ በሩ ጋ ቁም። አፍህን ግን ተከፍቶ ባየው እዘጋዋለሁ።"

ወይዘሮዋ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አርገው ተቀመጡ፣ ጥቅሻውን ላለማየት። ከዛ አነበቡ። ጋሽ ሱሌይማን ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገባኝ፤ ተራው ላይ ናቸው። ጠዋት ነው፣ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል።

"አስናቀ ወልደየስ" አሉ። "ዘውድነሽ አምባዬ። እንድሪስ ወሌ።"

"ትክክል። ሁለት። ሦስት ታዋቂ ሰዓሊያን ጥቀስ።"

"ክፍለዮሐንስ ደጉ። ታደለች ጉርሙ።"

ቆሙ። ከታደለች ኋላ ማን እንደሚቆም እኔ አውቃለሁ። አይበሉት ብዬ ጸለይኩ።

"አይዞህ ዳገቱ አልቋል" አሉ።

ወይዘሮዋ ዞሩ። "ማን?"

"አይዞህ… ዳገቱ… አልቋል።"

ወይዘሮዋ ወረቀታቸውን ከላይ እስከታች አዩት። "የውጭ አገር ሰዓሊ ነው?"

"የዚሁ ነው እትዬ" አሉ ጋሽ ሱሌይማን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። "ባጃጅ ነው።"

ወይዘሮዋ በወረቀቱ ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲገልጡት ግን ኮስተር ብለዋል። "ከስድስት አምስት። የቃሉን አልፈዋል። አሁን የተግባሩ።"

እኔ እዛው በሩ ላይ ልዘል ነበር። ጋሽ ሱሌይማን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ረገበ። ብሩሽና ቀለም እኮ ነው፣ ቤታቸው ነው።

ወይዘሮዋ ነጭ ሰሌዳ አቆሙና አጠገቡ አንድ ትልቅ ፎቶ ሰቀሉ። "ደራሲት ዘውድነሽ አምባዬ ናቸው። ፊታቸውን ይሣሉ። አንድ ሰዓት አለዎት።"

እስከዛች ደቂቃ ዘውድነሽ አምባዬ ለኛ ባጃጅ ናት። ለካ ሴትዮ ናት። ፀጉሯን ወደኋላ የያዘች፣ አገጯ ቀጭን፣ ዓይኖቿ ደግሞ ትላልቅ። መነጽር የለም። ፎቶው ውስጥ ሆና፣ የትም ብትቆም አንተን ነው የምታየው።

ጋሽ ሱሌይማን ጀመሩ። ፀጉሯን ሠሩ፣ አንገቷን፣ የነጠላዋን ጠርዝ። ከአግዳሚው ላይ ሰው እየተነሳ በሩ ጋ ተኮለኮለ። ይልማ ራሱ አፉን ከፍቶ ነበር። አፍንጫዋን ሲሠሩ የምትተነፍስ መሰለኝ። ከዛ ብሩሹን ጥቁር ነክረው፣ ሳይቆሙ፣ ትልቅ ክብ መነጽር አደረጉላት።

"ፎቶው ላይ መነጽር የለም" አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን።

"የለም እትዬ።"

"ታዲያ ያጥፉት። ዓይኖቹን ይሥሩ። የሚመዘነው እሱ ነው።"

በቲነር አጠፉት። ፊቱ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ ቀረ። ብሩሹን አነሱ። ወደ ባዶው ቦታ ወሰዱት፣ የጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። መለሱት። እንደገና ወሰዱት። ላባቸው ከአገጫቸው ጫማቸው ላይ፣ ቢጫው ቀለም የደረቀበት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቆርቆሮው ይጮሃል። እኔ የማያት ግራ ዓይናቸውን ነው፣ እንዴት እየጠቀሰች ይሆን ብዬ። አትጠቅስም። ፈጽማ ቆማለች። በሕይወቴ ጋሽ ሱሌይማን ሲፈሩ እሷ ዝም ያለችበትን ቀን አላየሁም። ያኔ ነው ይሄ ፈተና የወይዘሮዋ እንዳልሆነ የገባኝ።

"አስር ደቂቃ" አሉ ወይዘሮዋ። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣ "ሁለት ነጥብ ብቻ ያስቀምጡ። ሁለት ጥቁር ነጥብ። አሳልፍዎታለሁ።"

ብሩሹ ተጠጋ። ደረሰ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስከፍት ብሩሹ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"እትዬ" አሉ ጋሽ ሱሌይማን፣ "እርስዎ ቢጥሉኝ በሌላ ጊዜ ተመልሼ እፈተናለሁ። ያኛው ጥያቄ ግን ድጋሚ የለውም።"

"የትኛው ጥያቄ?" አሉ ወይዘሮዋ። ጋሽ ሱሌይማን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወጡ።

ወረቀቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በነዛ ሦስት ሳምንታት ሞተር ሳይክል በቆመ ቁጥር ጋሽ ሱሌይማን ሊያሽጉ መጡ ብለው ከሱቁ ይወጣሉ። እትዬ ሩቂያ የቀለሙን ቆርቆሮ ሁሉ ቀድማ ቤት አጓጉዛዋለች። በመጨረሻ መጣ። "ጽሑፍ፦ ብቁ። ሥዕል፦ ብቁ አይደለም" ይላል። ከስሩ በእጅ ጽሑፍ፣ በቀጭን ፊደል፣ ሱቁ እንዳይታሸግ፣ ከፊደል በቀር ምንም እንዳይሥሉ፣ የሱቃቸው ሰሌዳ ላይ ያለውም "ሰዓሊ" የሚለው ቃል እንዲጠፋ ይላል።

"አልሃምዱሊላህ!" አለች እትዬ ሩቂያ፣ ማንጎዋን ጥላ እየሮጠች መጥታ። "ሱቃችን ተረፈ! በል አልሃምዱሊላህ በል እንጂ አንተ ሰውዬ!"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ። ግን ወደ ተራው ነው የሚያዩት።

ይልማ ተሻግሮ መጣ። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ጸሐፊ ሱሌይማን! አንበሶቹን ግን ወደኔ ይላኳቸው። ዓይን በዓይን አርጌ ነው የማትማቸው።"

አተማቸው። በአንድ ወር ውስጥ ከተማው ውስጥ ያለው የባጃጅ አንበሳ ሁሉ መነጽሩን አወለቀ። የይልማ አንበሶች ዓይናቸው ቢጫ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። መነጽሩን ያላወለቀው የደምሴ ብቻ ነው፣ ከባጃጁ ፊት ያለው አንበሳ። ደምሴ ለምዶት ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሱሌይማን መሰላሉ ላይ ወጥተው ከሰሌዳቸው ላይ "ሰዓሊ" የሚለውን በቲነር አጠፉት። ሲያጠፉት በፊት እንደጻፉት ሁሉ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል። ወርደው በሩ ላይ ካለችው በርጩማ ቁጭ አሉና ጠሩኝ።

"ና እስቲ። አንድ ነገር ጠይቀኝ።"

ጋሽ ሱሌይማን ጥያቄ ጠይቁኝ ሲሉ! ጎማውን ጥዬ መጣሁ። "ስለ ደራሲ ነው ስለ ሰዓሊ?"

"አይደለም። ያንን። እናቴ ስለ ፍየሏ የጠየቀችኝን።"

ሳቄ ጠፋ።

"ባጃጅ ከመጣ ጀምሮ ስሥል ኖሬያለሁ" አሉ። "መነጽር አድርጌያለሁ ብዬ ራሴን እያታለልኩ። የፈተናው ቀን ሰሌዳው ፊት ስቆም ግን አየሁት፤ ከመነጽሩ ጀርባ ዓይን እንዳለ እኔም አውቅ ነበር። እና ምን ብዬ እንደምመልስ ልለማመድ። በል ጠይቀኝ።"

"በማን ድምፅ ጋሼ?"

"በራስህ።"

በውስጤ ያሉትን ሁሉ ፈለግኩ። ዲሬክተሩን፣ ሊቀመንበሩን፣ ወይዘሮ ሐረገወይንን። ለዚህ የሚሆን የለም። የራሴን ልጠቀም ብዬ አፌን ከፈትኩ። የኔ አያስፈራም ብዬ ነበር እኮ። ምንም አልወጣም።

ተራው ላይ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፣ የአንበሶቹ ቢጫ ዓይኖች ሁሉ ወደኛ ናቸው። ጋሽ ሱሌይማን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አርገው፣ ልክ አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጡት ተቀምጠው፣ አፌን እያዩ ይጠብቁኛል። ግራ ዓይናቸው አትጠቅስም።